የእግር ቀኖና

ደባርቅ ውስጥ አንዲት የአርባ ሰባት ዓመት ሴት በእጇ ምንም ሳትይዝ፣ ለቅሶም ገበያም ሳይኖራት፣ እንዲሁ በእግሯ ስትሄድ ከታየች ሦስት ሰው ያስቆማታል። አንዱ «ወዴት ነው?» ይላታል። ሌላው «ምነው፣ ደኅና?» ይላል። ሦስተኛው ባጃጁን አቁሞ «ግቢ፣ ላድርስሽ» ይላታል። «የትም አልሄድም፣ ለጤናዬ ነው የምራመደው» ብላ ከመለሰች ደግሞ አራተኛው ሰው ለባሏ ይደውላል። ለማሳቅ ብዬ አይደለም፤ ለባሌ ተደውሎለታል።

እቴነሽ እባላለሁ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም፣ የሚታዘዝላችሁንም ተዉ አልልም። ነገር ግን መምህር ሥራው ስሕተትን ማሳየት ነው፤ እኔም ራሴ የተሳሳትኩባቸውን ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ ላሰምርላችሁ። «ስኳር አለብሽ» ተብላ ከሐኪም ቤት ወጥታ ደረጃው ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ብታነበው ይበቃኛል። እኔ እዚያ ደረጃ ላይ ስቀመጥ የሚነበብ ነገር አልነበረኝም።

ማስተማር የጀመርኩት ጃናሞራ ነው፤ ከመካነ ብርሃን በእግር ሦስት ሰዓት በምትርቅ ትምህርት ቤት። ለስብሰባም ለሳሙናም ለጨውም ያንን መንገድ እመላለሰው ነበር። የምበላው የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን ነው። ሻይ ብርቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ስቆይ ጉንፋን እንኳ በወጉ ይዞኝ አያውቅም። ይህን ሁሉ ጤና የሰጠኝ ያ የማማርረው መንገድ መሆኑን ማን ይንገረኝ? ወደ ደባርቅ የተዛወርኩ ቀን እግሬን ሳምኩት ማለት ይቻላል።

ባለቤቴ ገበየሁ ባጃጅ ነጂ ነው። ደባርቅ ስገባ «ጃናሞራ ላይ የሄድሽው ለሁለት ዕድሜ ይበቃል፤ እኔ እያለሁ ከእንግዲህ እግርሽን ጭቃ አይነካውም» አለኝ። ቃሉንም ጠበቀ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከበራችን አንሥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረደኝ። ዝናብ ሲሆን ጋቢውን ያለብሰኛል። ገበየሁ «እወድሻለሁ» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ባጃጁን ያስነሣል እንጂ።

ወፈርኩ። ታዲያ ማንም «ተጠንቀቂ» አላለኝም። «ደባርቅ ተስማማሽ!» ነበር የሚሉኝ፤ ደስ እያለኝ «ተመስገን» እላለሁ። ዳባት ያለችው እናቴ ጋ ስሄድም ክንዴን ጨበጥ ጨበጥ አድርጋ «እሰይ፣ ልጄ ሰው ሆነች» ትለኝ ነበር። እናቴ የምታየው በእጇ ነው፤ ዓይኗ ከጠፋ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጭስ ነው ያሉ ነበሩ፣ ዕድሜ ነው ያሉ ነበሩ። እኛም አመንን።

ሕመሙ በጥማት ጀመረ። ክፍል ውስጥ የውሃ ኮዳ ከጠመኔው አጠገብ አስቀምጥ ጀመር። ሌሊት ለሽንት ሦስት አራት ጊዜ እነሣለሁ፤ ብርዱ ነው አልኩ። ከዚያ ድካም መጣ፤ ቆሜ ማስተማር አቃተኝና ወንበር አስመጣሁ። ቆየት ብሎ የልጆቹ ደብተር ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዝብኝ ጀመር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተባልኩ። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ድካሙ ግን እንዳለ ነው። ሁለተኛ ስሄድ ጨጓራ ነው ተባለ። ዓይኔን ደግሞ ራሴ አከምኩት፤ ከገበያ መነጽር ገዛሁ። በማንም አልፈርድም፤ ጥፋቱ የእኔም ነበር። የመረመረኝ ባለሙያ ገና ወጣት ልጅ ስለነበር ሽንቴ እንደ በዛ ለመናገር አፈርኩ። እሱ ያልነገርኩትን ከየት ያምጣው? እባካችሁ እንደ እኔ አትፈሩ፤ የሚያሳፍራችሁን ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩት።

ለድካሙ ያገኘሁለት መድኃኒት ሌላ ጉድ ነው። በየጠዋቱ በሶ በማር በጥብጬ በትልቁ ኩባያ እጠጣ ነበር። ሰው ሲደክመው በሶ፣ ሲታመም ማር፣ እንዲህ ነው ያደግነው። በጠጣሁ ቁጥር የበለጠ ይጠማኛል፤ በጠማኝ ቁጥር «አቅም አንሶኛል» ብዬ ማር እጨምራለሁ። ኋላ ደግሞ፣ ብዙ ሳልቆይ፣ ያ ሁሉ ውፍረት እንደ ጎርፍ አፈር ተሸርሽሮ ሄደ። ያን ጊዜ ነው ገበየሁ የደነገጠው። ስወፍር ዝም ያለ ሰው ስከሳ ሆስፒታል ወሰደኝ።

የተረኞቹ አግዳሚ ላይ አንዲት የማላውቃት ባልቴት ነጠላዋን አጥፋ ከሥሬ አነጠፈችልኝ፤ «ብርድ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። የዚያን ቀን ከተደረገልኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የማልረሳው እሱን ነው። ተራዬ ሲደርስ ሲስተር ዘውዴ የምትባል ነርስ «ውሃ ይጠማሻል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የመለስኩላት በእንባ ነበር። ጣቴን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም ወሰደች። ቁጥሩን አይታ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ስኳር ነው፣ መምህርት። በደንብ ልንገርሽ። የምትበይው ምግብ ደምሽ ውስጥ ስኳር ሆኖ ይዞራል፤ ሥጋሽ ግን አያስገባውም፣ በሩ ዝጓል። ለዚህ ነው ሞልቶሽ የሚርብሽ። መድኃኒቱ በሩን ያላላዋል። እግርሽ ሲንቀሳቀስም ይላላል። አንዱ ያለ አንዱ አይሆንም» አለችኝ። ቀጥላ «በቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» ስትለኝ «የለም» አልኩ። «ዓይኑ የጠፋስ?»

እናቴ ዓይኗ ሊጠፋ ሰሞን ራስጌዋ ሙሉ ጆግ ውሃ አስቀምጣ ነበር የምትተኛው። እኔም ወንድሜም ከብት ያህል ትጠጣለች ብለን እንቀልድባት ነበር። ያ ቀልዳችን ትዝ ሲለኝ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በሳምንቱ እናቴን ከዳባት አስመጥተን አስመረመርናት። ስኳር ነበረባት። መድኃኒት ተጀመረላት፤ ዓይኗ ግን የሚመለስ አልሆነም። እኔን ደግሞ ለዓይን ምርመራ ጎንደር ላኩኝ። ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ፣ በብርሃን ረጅም ጊዜ ካየኝ በኋላ «ከዓይንሽ ጀርባ ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ጥቂት ነጥብ ደም ፈስሷል። ዛሬ የሚያስፈራ አይደለም። ስኳርሽን ከያዝሽው እዚያው ሊቆም ይችላል። ካልያዝሽው ይቀጥላል» አለኝ። እሱ የተናገረው ረጋ ብሎ ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት የእናቴን ዓይን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላውም የምራመደውም ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ ነጥብ እንዳይጨምር።

እንዲህ ፈርቼም ግን የቀጠልኩት በስሕተት ነው። ሲስተር ዘውዴ «ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር» ብላኛለች። ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ሆነ። በእኛ አገር ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል። እኔ መምህርት፣ የቄስ ልጅ፣ ረፋድ ላይ ቁርስ ስበላ ጎረቤት ቢያየኝ? መጽሐፍ የማላውቅ ያህል ራሴን አታለልኩ፤ «መድኃኒት ምግብ አይደለም፣ ጾም አይሽርም» አልኩና ኪኒኑን ጎሕ ሲቀድ በአንድ ጉንጭ ጠበል እውጠውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ። ለሐኪም አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፣ ለገበየሁም አልነገርኩም። በአምስተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው።

አጠገቤ የቆመች ሴት ነገሩን ታውቅ ኖሮ ለስላሳ አስመጥታ ጉንጬ ውስጥ ቀስ በቀስ አስገባችልኝ። መድኃኒቱ የታዘዘው ምግብ አለ ተብሎ ነው፤ ምግቡ ሲቀር ስኳሩን ከልክ በታች ይጥለዋል። አንድ ሰው ስኳር በዝቶበት ከሚሞተው ይልቅ ወርዶበት የሚሞተው ይፈጥናል ብላ ሲስተር ዘውዴ ያን ዕለት ሆስፒታል ስደርስ ተቆጣችኝ። ተቆጥታ ስታበቃ ከረሜላ አምጥታ በእጅ ቦርሳዬ ከተተችልኝ። ዛሬም ከረሜላ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም፤ የምትንቀጠቀጡበት ቀን ይመጣልና እናንተም ያዙ።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባቴ አባ ታረቀኝ ሊጠይቁኝ መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ በምንም የማይደነግጡ ቄስ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ «ያም ሆነ ይህ፣ አባቴ፣ ጾሜን አልሻርኩም» አልኩ፤ ትንሽም ኩራት ሳይኖርበት አልቀረም።

«ለመሆኑ ማን ጹሚ አለሽ?» አሉኝ።

«ሥርዓቱ ነዋ፣ አባቴ።»

«ሥርዓቱማ ለድውይ ምሕረት አለው። ከሐኪም ደብቀሽ፣ ከባልሽ ደብቀሽ፣ ከእኔ ደብቀሽ፣ እንደው ለማን ብለሽ ነው የጾምሽ?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ…»

«እንግዲያስ ለሰው ነው የጾምሽ፤ ሰውም ዋጋሽን ይክፈልሽ» አሉና መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። አለቀስኩ። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ምግቡን ጠየቁኝ፤ መድኃኒቱን ጠየቁኝ፤ ሐኪም ሌላ ምን አዞሻል አሉኝ። በየቀኑ በእግር መሄድ እንዳለብኝ፣ በሄድኩ ቁጥር ግን ሰው እያስቆመኝ፣ ባጃጅ እየጫነኝ፣ ለገበየሁም «ሚስትህ ምን ሆና ነው መንገድ ለመንገድ የምትዞረው?» ተብሎ እንደ ተደወለለት ነገርኳቸው። አባ ታረቀኝ ሣቁ። ሣቃቸው ሳል ይመስላል።

«በይ እንግዲህ ቀኖና ልስጥሽ። አንደኛው፣ በጾም ቀን ጠዋት የጾሙን ምግብ በልተሽ መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ። ከመጾም ይህ ይከብድሻል፣ አውቃለሁ፤ ስለሚከብድሽ ነው ቀኖና የሆነ። ሁለተኛው፣ በሳምንት አምስት ቀን በእግርሽ ሊማሊሞ በር ያለችውን ማርያም ተሳልመሽ ትመለሻለሽ። ባጃጅ የለም። ሰው ሲጠይቅሽ ‹ቀኖና ነው› በዪ፤ አፉን ይይዛል።»

«ቀኖና ምስጢር አይደለም እንዴ፣ አባቴ?»

«ይህችኛዋን ፈቅጄልሻለሁ። ሐሜቱንም እንደ ቀኖናሽ ቁጠሪው።»

«እስከ መቼ ነው?»

«በቃሽ እስክልሽ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዳገቱን ሳልጨርስ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የጃናሞራዋ እቴነሽ የት ሄደች ብዬ አዘንኩ። ከኋላዬ ደግሞ የማውቀው ሞተር ይንኳኳል፤ ዞር ስል ገበየሁ ባዶ ባጃጁን በእግር ፍጥነት እየነዳ ይከተለኛል። «ብትወድቂስ?» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ተከተለኝ። ከተማው ጉድ አለ። እኔ «ቀኖና ነው» ስል ሰው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ «እግዜር ይቀበልሽ» ይላል፤ ማንም ግቢ አይለኝም፣ ቀኖና ላይ ያለችን ሴት በባጃጅ የሚጭን ማን ደፋር አለ? ከኋላዬ ግን ሹክሹክታው ይነሣል። አንድ ማታ ገበየሁ አኩርፎ ገባ።

«አንቺ ስትሄጂ ያንቺ ኃጢአት ይወራል፣ እኔ ስከተልሽ የእኔ። ዛሬ ቆሜ ነዳጅ ስቀዳ አንዱ ‹ይቅር በላት፣ የሰው ልጅ ነች› አለኝ! ምን እንደ ሠራሽ እኔው አላውቅ!»

ሳቅ አፈነኝ። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። በማግስቱ ባጃጁን ቤት አቁሞ በእግሩ አብሮኝ ወጣ፤ ትንፋሽ ያጠረው እሱ ነበር።

ጎረቤቴ ትርንጎ ደግሞ አላስቻላትም። አጥሩ ላይ ጠብቃ «በሞቴ፣ እቴነሽ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። ምን ሠርተሽ ነው?» አለችኝ።

«ስኳር ነው፣ ትርንጎ። መቀመጥ ነው ኃጢአቴ።»

አላመነችኝም። ሁለት ወር ያህል ሐሜቷን ስታካሂድ ቆይታ ራሷን አዙሯት ሐኪም ቤት ሄደች፤ ደም ግፊት ተገኘባት። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አደግድጋ በሬ ላይ ቆመች። «በይ ነይ፣ እኔም ኃጢአት አለብኝ» አለችኝ። ዛሬ አምስት ሴቶች ሆነናል። ገበየሁ «የኃጢአተኞች ማኅበር» ብሎ ስም አውጥቶልናል።

ስለ አካሄዱ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሲስተር ዘውዴ «ስትሄጂ ማውራት ቻይ፣ መዝፈን ግን ያቅትሽ፤ ያ ነው ልኩ» አለችኝ። ከትርንጎ ጋር ማውራት ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። ጠዋት መሄድ ያልቻልኩ ቀን ከምሳ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እሄዳለሁ፤ ከምግብ በኋላ የምትራመዷት ጥቂቷ እንኳ ስኳሩን ስታወርደው በስኳር መለኪያ መሣሪያ አይቻለሁ። መራመድ ብቻውን ግን አልበቃም። «ጡንቻ ነው ስኳሩን የሚበላው» ስላለችኝ ከዱካ፣ ማለት ከበርጩማ ላይ፣ በእጄ ሳልደገፍ አሥር ጊዜ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ አርፌ እደግመዋለሁ። በመጀመሪያ ሦስት ጊዜ ነበር የቻልኩት። ውሃም ራሴው መሸከም ጀመርኩ፤ በሁለት እጄ ሁለት ትንንሽ ጀሪካን። ማታ ማታ እግሬን ታጥቤ፣ በጣቶቼ መካከል አድርቄ፣ ከሥሩ በመስተዋት አየዋለሁ። የስኳር ሰው እግሩ ሲቆስል ሳይሰማው ይቀራልና ጫማችሁን ከማጥለቃችሁ በፊት አራግፉት፤ ጠጠር ቢኖርበት እግራችሁ አይነግራችሁም።

ምግቡ ከመንገዱ ይልቅ አስቸገረኝ። ስኳር ተዪ ሲሉኝ ስኳሩን ትቼ ድንች በትሪ እበላ ነበር፤ የደባርቅ ድንች ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ብሎ ነገር የለም። ዱቄቱም በሆድ ውስጥ ስኳር እንደሚሆን አላወቅሁም። ማርም ስኳር ነው፤ ይህን ስሰማ እንደ ሐዘንተኛ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ሁሉ ደግሞ ሐኪም ነው፤ አንዱ ጤፍ ተዪ ይላል፣ አንዱ ዳቦ ብቻ ብዪ ይላል፣ አንዱ ግራዋ ጠጪ ይላል። ሲስተር ዘውዴ ግን ምንም ነገር እስከ ወዲያኛው አልከለከለችኝም። «የምታውቂውን ምግብ ነው የምትበይው፣ መጠኑንና ተራውን ግን እንለውጥ» አለችኝ። ጎመኑና ባቄላው ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ፤ ጎመኑም አስቀድሞ ይበላ። ትምህርት ቤት ዳቦ በሻይ የነበረው አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ ሆነ። ሻዬን ያለ ስኳር ስጠጣ አንድ ወር አስጠልቶኝ ነበር፤ አሁን ስኳር ያለበት ሲሰጡኝ ነው የሚያስጠላኝ።

አስቸጋሪው ነገር እኛ ከአንድ ትሪ መብላታችን ነው። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ምን ያህል እንደ በላ አያውቅም። አንድ ቀን ለብቻዬ በሰሐን አቀረብኩ። ገበየሁ ሰሐኑን አየ፣ ትሪውን አየ፣ እጁን ሳያነሣ «ሃያ ዓመት አብረን በልተናል። ጠላሽኝ?» አለኝ። ልቤ ተሰበረ። ሰሐኑን መለስኩና ትሪው ላይ በእኔ በኩል አንድ እንጀራ ብቻ አነጠፍኩ፣ ከጎኑ ጎመን ከመርኩ፤ «ከዚህ እስከዚህ የእኔ ድንበር ነው» አልኩት። ሲያጎርሰኝ እቀበላለሁ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ሁለተኛውን ሲያነሣ «ሁለተኛው ከጎመኑ ይሁን» እለዋለሁ። እንዲህ ተስማማን። በሽታው የእኔ ቢሆንም ትሪው የሁለታችን ነው፤ የትዳር ጓደኛችሁን ሳትይዙ ምግብ ለመለወጥ አትሞክሩ።

ዓመት ሲሞላ ስኳሬ ወርዶ፣ ክብደቴ ተስተካክሎ፣ ከገበያ የገዛሁት መነጽር አላስፈልግ ብሎኝ ነበር። አባ ታረቀኝ ዘንድ ሄጄ «አባቴ፣ በቃሽ አይሉኝም?» አልኳቸው። «ሕመምሽ በቃኝ ብሏል?» አሉኝ። መልሱ አልጣመኝም። ክረምት ገባ፣ ጭቃው በዛ፣ ጉሙ በዛ፤ አንድ ቀን ቀረሁ፣ ሳምንት ቀረሁ፣ ከዚያ እስከ መስከረም ቀረሁ። አዲስ ዓመቱና መስቀሉ ተከታትለው መጡ፤ በየቤቱ ድፎ ዳቦ፣ በየቤቱ ጠላ። በጥቅምት ስመረመር ቁጥሩ ወደ ነበረበት ሊመለስ ምንም አልቀረውም። ለዓይኔም በዓመቱ መታየት ሲገባኝ መንገድ ተዘግቶ ቀረሁ። ያን ሰሞን የልጆቹን ደብተር ሳርም አንድ ፊደል በደበዘዘ ቁጥር ደብተሩን ይዤ ወደ መስኮቱ እሄድ ነበር። የነጥቡ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ትርንጎ ናት ያስነሣችኝ። ሳትቆጣኝ፣ ሳትመክረኝ፣ ጠዋት በሬ ላይ ቆማ «ነይ» ብቻ አለችኝ። ብቻችሁን አትጀምሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ሰው ብርታቱ የሚያልቅበት ወቅት አለው፣ ያን ጊዜ በር የሚያንኳኳ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። አሁን ክረምት ሲመጣ ጉሙ እስኪገልጥ በረንዳዬ ላይ ከወዲያ ወዲህ እላለሁ፣ ከዱካው ላይ እነሣለሁ እቀመጣለሁ። በዓል ሲሆን ከድፎው አንድ ቁራሽ እወስዳለሁ፣ በእጄ ይዤው ረጅም ጊዜ እጫወታለሁ፤ የያዘ ሰው «ብይ» አይባልም። መድኃኒቴንም ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስቀድሜ አስመጣለሁ፤ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅምና።

ባለፈው የካቲት መንገዱ ሲከፈት ጎንደር ወረድኩ። ዓይናቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች መካከል ተቀምጬ ጠብታ ተደረገልኝ። ጠብታው ሁሉን ነገር ያደበዝዛል፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ጠፋብኝ፣ የእጄ መስመር ጠፋብኝ። ጠብታው መሆኑን እያወቅሁ ፈራሁ። እናቴ የምትኖረው እዚህ ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ገበየሁ እጄን ይዞ ነበር፤ ሰው ፊት እጄን ሲይዝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ አየ። አንዱን ዓይን አየ፣ ሌላውን አየ፣ የድሮውን ወረቀት አነበበ፣ እንደ ገና አየ። ከዚያ «አልጨመረም» አለ። «እንዲያውም አንዱ ነጥብ ጠፍቷል። ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«ቀኖና» አልኩት። ግራ ገባው። ገበየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስንመለስ ዳባት ወረድን። እናቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። እግሬን ስትሰማ አወቀችኝ። ሳልቀመጥ «ዓይንሽን ምን አሉሽ?» አለችኝ።

«ደኅና ነው፣ እማዬ። እዚያው ቆሟል።»

«ተመስገን» አለች። «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች ጉልበቷን ስታሻሽ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «የእኔ ሲደክም ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ሸክም እንዳልሆን ብዬ ነው። ወጥ ሳፈስ ‹እጄ ነው› እላለሁ፣ ሰው ሳላውቅ ‹ሐሳብ ላይ ነበርኩ› እላለሁ። ብናገር ኖሮ እንጃ። አንቺ ተናግረሽ ዳንሽ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠብታው እየለቀቀኝ ስለ ነበር ፀሐዩ ቢወጋኝም ፊቷ ጥርት ብሎ ይታየኝ ጀምሯል።

«እቴነሽ፣ እስቲ ጠጋ በዪና እዪኝ። ፊቴን ካየሁት ስንት ዘመኔ! ልጆች ሲጠየቁ ‹አላረጀሽም› ነው የሚሉኝ። አርጅቻለሁ?»

ልዋሻት አልፈለግሁም። «አርጅተሻል፣ እማዬ» አልኳት።

«የት የት?»

ነገርኳት። ግንባርሽ ላይ አራት መስመር አለ፣ መካከለኛው ጥልቅ ነው አልኳት። የግራ ቅንድብሽ ነጥቷል፣ የቀኙ ገና ነው። ጉንጭሽ ገባ ብሏል። ከጆሮሽ በታች አንድ ጥቁር ነጥብ ወጥቷል፣ ድሮ አልነበረም። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ሳትንቀሳቀስ ሰማችኝ።

«ንቅሳቴስ?» አለች አንገቷን እየነካች።

«አለ፣ እማዬ። ሦስቱም ቀለበት አለ። አልደበዘዘም።»

ፈገግ አለች።

«እንግዲህ እኔው ነኝ» አለችኝ።